ያመጣ ይቅመስ

መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ገላን ኮንዶሚኒየም

ይድረስ ለባለቤቴ ለቀናው፣

ከሰላምታ በፊት የእማማ አደሴን ነገር ልንገርህ፤ ሰላምታውስ የትም አይሄድ። ጎረቤታችን ታመው ሰነበቱ። ሆዳቸውን ነው። ጾሙ ከገባ ወዲህ አንድ ቀን ደህና ይውላሉ፣ አንድ ቀን ይተኛሉ። ያ ከታች እስከ ላይ የሚሰማው ድምፃቸው ጠፍቶ ደረጃችን ወና ሆኗል። ልጃቸው ፌኔት ከቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ ሰርቪሱ እንዳወረዳት፣ ዓይኗ እየተከደነ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። «ጨጓራ ይሆናል፣ ጾሙን ይፍቱ» አሏቸው። እሳቸው መች ይሰማሉ! «ስድሳ ዓመት የጾምኩትን ለአንድ ሽሮፕ ብዬ ልፍታ?» ብለው ሐኪሙን አፋጠጡት አሉ። ያ ባለ ወፍጮው ጂራታ፣ የእህታቸው ልጅ፣ ማታ ማታ አጃ ፈጭቶ ያመጣላቸዋል። ሰው አክስቱን እንዲህ ሲጦር ሳይ ደስ ይለኛል።

አንተስ እንዴት ሰነበትክ? ሹፌራችሁ ሳህሌ «ሙቀቱ ሰውን እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል፤ ባልሽ ግን ከግሬደሩ ሥር አይወጣም» ብሎ አስቆኝ አሳዘነኝ። ስልክ እንኳ የማይደርስበት በረሃ ለማን ነው መንገድ የምትሠሩት እላለሁ። ግድ የለም፤ ሳህሌ ስንቃችሁን ጭኖ እስከተመላለሰ ድረስ ወረቀታችን አይቋረጥም።

«ቤቱን በምን እየያዝሽው ነው?» ላልከኝ፣ በብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን እያቅለሸለሸኝ ነው። ጤፉን ብቻውን ማስፈጨት ካቆምኩ ቆየሁ፤ ሩዝና ነጭ ማሽላ አስገባበታለሁ። ትኩሱን ሲበሉት ደህና ነው፤ በማግሥቱ እንደ ካርቶን ነው የሚሰበረው። ዘይት በብርጭቆ እገዛለሁ፣ ሽንኩርት በፍሬ። ቲማቲም ደግሞ ወደ ማታ ጠብቄ፣ ሰው ሁሉ ሲጨምቀው የዋለውን ልምዥግ በርካሽ አነሳለሁ። ልጅህ እምነት «እማ፣ ይሄ ቲማቲም ከኔ የበለጠ ኑሮ አይቷል» ትለኛለች። ወጥ በቀን አንዴ ነው የሚሠራው፤ ሽሮውም ከመቅጠኑ የተነሳ መልኬን ያሳየኛል።

ይሄስ ይሁን። ማጣት አያስጠላም። የሚያስጠላው ማታለሉ ነው። ባለፈው እሁድ ገበያ አንዷ ቅቤ አሸተተችኝ፤ ከላይ ቅቤ፣ ውስጡ ሙዝና የረጋ ዘይት። ማር ያሉትም ስኳር። ሰው፣ ሌላ ሰው የሚጎርሰውን ነገር እንዴት ሆን ብሎ በእጁ ያበላሻል? ትፍ! ስጽፈው እንኳ አፌ ምራቅ ይሞላል።

ለዚህ ነው ብርጭቆዬን ይዤ ገበያ የምወጣው። የእናቴን ፈተና ታውቀው የለ? በርበሬ ቆንጥረህ ውሃ ላይ ትበትናለህ፤ ደህናው ይንሳፈፋል፣ ባዕድ ነገር የገባበት ይዘቅጣል። ነጋዴዎቹ «ባለ ብርጭቆዋ መጣች!» እያሉ ይሳለቁብኛል። አንዱማ «እትዬ፣ ውሃውን ከኔ ጠጪ፣ በርበሬውን ከሌላ ግዢ» አለኝ። ይበሉ። በማረሚያ ቤቱ በር ሳልፍ ስንቅ ያመጡት ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው፣ ፖሊሱ ፊት ራሳቸው ጎርሰው ሲያስገቡ አያለሁ። ያመጣ ይቅመስ ነው ሕጉ። ለታሰረ ሰው እንዲህ ከተጠነቀቁ ምናለ ለእኛ ለውጪዎቹም ቢያስቡልን!

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርህ። የደረጃችን ሰባት ሴቶች ማኅበር ገባን። አንድ ላይ እንገዛለን፣ አንድ ላይ እናስፈጫለን፣ እንካፈላለን። በጅምላ ሲሆን ይቀላል። ገዢ አድርገው የመረጡት እኔን ነው፤ «ባለ ብርጭቆዋ ካየችው አይሳሳትም» ብለው እማማ አደሴ ናቸው ያስመረጡኝ። ዛላ በርበሬው ዋጋው አላስጠጋ ቢለኝ፣ አንተ እንደመከርከኝ ከወንድምህ ከፀሐዩ የተፈጨውን ገዛሁ። የገበያውን ግማሽ ቢሆን ነው! ከቅመሙ ጋር ጂራታ ወፍጮ ደግመን አስፈጨነውና ጾሙ ሳይገባ ተከፋፈልን። ወፍጮ ሳይገባ የተረፈው ትንሽ በከረጢቱ እኔ ጋ አለ። ቀለሙን ብታየው! ያልመረቀኝ የለም።

አንዲት ትንሽ ውሸት ግን ዋሽቻለሁ። «ከየት አገኘሽው?» ሲሉኝ «ከአንድ የማረቆ ገበሬ» አልኳቸው። የባሌ ወንድም ነው ብል «መሰለች መሃል ላይ ቆርጣ በላች» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ የእኛን ሰፈር አፍ ታውቀው የለ። መልካም ነገር ላይ ሐሜት እንዳያርፍበት ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም።

ለአንተም አንድ ላስቲክ በርበሬ ከበሶው ጋር በሳህሌ ልኬልሃለሁ። እምነት ለማትሪክ እያጠናች ነው፤ «አባዬን ሳሚልኝ» ብላለች። በወረቀት እንዴት እንደሚሳም እሷ ትወቅ።

መሰለች

*

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከካምፕ

ለመሲ፣

ደብዳቤሽም፣ በሶውም፣ በርበሬውም ደርሶኛል። እጅሽ አይንጠፍ። እኔ ደህና ነኝ። ሳህሌ ብረት እግሩን መታው ብሎሽ ከሆነ ጭረት ነው፣ ድኗል።

ፀሐዩ ሱቁን ለምን ዘጋ ብለሽ በሳህሌ አፍ ለላክሽብኝ፣ የኪራይ ነገር ነው። ሰው ፊት አታንሺበት፣ ይከፋዋል። አሁን የሚሸጠው ከቤቱ ነው። ለሴቶቹ የማረቆ ገበሬ ማለትሽ ጥሩ አድርገሻል፤ እንደዚያው ይሁን።

በርበሬውን ገና አልነካሁትም፤ ሣጥኔ ውስጥ ነው። እዚህ ፓስታ ነው የሚበላው፣ ወጥ ቤቱ ሌላ ነገር የሚያውቅ አይመስለኝም። እናንተም ብዙ እንዳታበዙ፤ በጾም በርበሬ ሆድ ይጎዳል። ለእምነት በተለይ አልጫ አድርጊላት፣ ፈተና አለባት።

እማማ አደሴን እግዜር ይማራቸው። ዕድሜም ነው። ለፋሲካ ፈቃድ አግኝተናል፤ የስቅለት ዕለት ሳህሌ መጥቶ ይወስደናል።

ቀናው

*

መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀናው፣

ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል። ከብርጭቆው ልጀምር።

እሁድ ማኅበራችን እማማ አደሴ ቤት ተሰበሰበ፤ ስለታመሙ ደረጃ እንዳይወጡ ብለን ነው። ሽሮ እንዴት እንግዛ፣ ምስሩን እንተወው ወይስ እንቀጥል እያልን ስንጨቃጨቅ ፌኔት ተነሳች። «እትዬ መሲ፣ ያንቺን ጨዋታ ዛሬ እኔ ልጫወተው» አለችኝ። ፋብሪካ አብረዋት የሚሠሩት ልጆች ስለ ተበረዘ በርበሬ ሲያወሩ ሰምታ ኖሮ ልቧ ጠርጥሯል። ብርጭቆ ውሃ አመጣች። ከእናቷ ጣሳ ቆነጠረችና በተነች። እኛ እንስቃለን። አንዷ «ጠንቋይ ሆነሻል!» ትላታለች።

ከላይ ትንሽ ተንሳፈፈ። የቀረው እየተጥመለመለ ወርዶ ሥሩ ላይ ተኛ። ክረምት መንገድ ላይ እንደሚተኛ ጭቃ። ፌኔት ውሃውን ደፋችና ከሥሩ በጣቷ ጠርጋ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ቀመስኩት። ማቃጠሉ ቀርቶ ጥርሴ መሃል ተንቀጫቀጨ።

ሸክላ ነው ቀናው። የተፈጨ ሸክላ። ሰው ግድግዳ የሚሠራበት።

ወር ሙሉ ሸክላ በላን። በገዛ እጄ ለልጄ ሸክላ በሽሮ አቅርቤ «ጨምሪ እንጂ» ስላት ነበር። ወጥቼ መታጠቢያው ላይ አስመለሰኝ። አሁን ይሄን ስጽፍልህ እንኳ ጥርሴ ውስጥ አለ፤ ሦስት ቀን ቦርሼ አልወጣ ብሎኛል። ማሰሮዬን አይቼ እዘጋለሁ። ቀይ ነገር ሁሉ ቀፎኛል፤ ቲማቲሙ እንኳ።

አሁን የባሰውን ስማ። ስመለስ ጩኸት ነው። «ጂራታ ነው! ማን ሌላ ነካው?» «ለቅመም ስንሰጠው ግማሹን አውጥቶ ሸክላ ሞላበት!» «ወይ ሰው! ገና ለገና ወፍጮ አለኝ ብሎ!» እማማ አደሴ ግድግዳውን ተደግፈው «የኛ ጂራታ? የእህቴ ልጅ?» ይላሉ። ያቺ ከላይ ያለችው «ባለ ብርጭቆዋ እኮ ስትገዛ በውሃ አይታዋለች! አላየሽውም መሲ?» አለች። ስድስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

አላየሁትም ነበር። ስንቱን ነጋዴ በብርጭቆ ሳስለቅስ ከርሜ፣ ፀሐዩ ቤት ስገባ ብርጭቆዬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። የባል ወንድም ዕቃ በውሃ ይፈተናል? ነውር መሰለኝ። ሚስቱ ሻይ አቅርባልኝ፣ እሱ «መሲዬ» እያለኝ፣ እንዴት አድርጌ!

እና «አዎ፣ አይቼዋለሁ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እምነት በሩ ላይ ቆማለች። ከፀሐዩ ቤት ከረጢቱን አብራኝ የተሸከመችው እሷ ናት። አየችኝ። ራት ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ደረቅ እንጀራ በላች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።

በዚያው ማታ ጂራታ አጃውን ይዞ መጣ። እማማ አደሴ አልከፈቱለትም። «አክስቴ፣ አክስቴ» ሲል በግድግዳው ይሰማኛል። ከዚያ አጃውን በሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ጠዋትም እዚያው ነበር።

ምን ላድርግ? ወንድምህ ነውና አንተ ንገረኝ።

መሰለች

*

መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከካምፕ

መሲ፣

አታልቅሺ። የጻፍሽውን አንብቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ እስከ ፋሲካ ዝም በይ። ስመጣ እኔ ራሴ ፀሐዩን አነጋግረዋለሁ። አባታችን በባቡር አደጋ ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፀሐዩ ትምህርቱን ትቶ ከረጢት ተሸከመ። የበላሁት የእሱን ጀርባ ነው፣ የለበስኩት የእሱን ጀርባ ነው። አሁን ስሙን አውጥተሽ ሰፈር መሃል ብትሰጪው፣ ነገ ወረዳ ይሰማል፣ ከዚያ ደግሞ ፖሊስ ነው። በዚያች በምታልፊባት በር ምሳ ዕቃ ይዘሽለት ልትሄጂ ነው?

ጂራታን ሰው ይረሳለታል። ወፍጮ የማያስፈልገው ቤት የለም፤ ሁለት ሳምንት ያኮርፋሉ፣ ይመለሳሉ። ደግሞ በዚህ ዘመን የማይቀላቅል ማን አለ? እሱ ብቻ ነው? ሸክላ ሰው አይገድልም፣ አፈር ነው፤ ይወጣል። የቀረውን ግን አትብሉት። ድፊው።

እጅሽን እስማለሁ።

ቀናው

*

ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀናው፣

«ይወጣል» ብለሃል። ከእማማ አደሴ አልወጣም። ማክሰኞ ደግመው ወደቁ። ፌኔት በባጃጅ ወስዳቸው ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ዋሉ። ሐኪሙ «ምን ሲበሉ ነው የከረሙት?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ዘመድ» አሉት አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጂራታ ወፍጮ ቤት ሰው አይገባም። የኛ ደረጃ ብቻ አይደለም፤ ወሬው ብሎኩን ሁሉ አዳርሷል። አንዱ ባለጌ በሩ ላይ በከሰል «ሸክላ ፋብሪካ» ብሎ ጽፎበታል። ትናንት ሳልፍ በእርጥብ ጨርቅ ሲያሸው አየሁት። «እንደምን ዋልሽ መሲ» አለኝ። እኔን! ከመንገዱ ተሻግሬ አለፍኩ። እንዴት ያለ ሰው ሆንኩ!

ከዚያ ቤት ገብቼ የበፊቱን ደብዳቤህን አወጣሁ። «በርበሬውን ገና አልነካሁትም።» «ብዙ እንዳታበዙ።» «ለእምነት በተለይ አልጫ አድርጊላት።» ይሄን የጻፍከው ብርጭቆው ከመምጣቱ በፊት ነው። እኔ እንኳ ሳላውቅ።

ቀናው፣ አንተ እኮ ድልህ በማንኪያ የምትበላ ሰው ነህ። ያለ በርበሬ ዕንቁላል የማይወርድልህ ሰው ከቤትህ የተላከልህን ሣጥን ውስጥ ትዘጋበታለህ? ሱቁስ እውነት በኪራይ ነው የተዘጋው?

ስለ አባትህም፣ ስለ ጀርባውም፣ ስለ ልጅነትህም አትጻፍልኝ፤ አውቃለሁ፣ አክብሬው ኖሬያለሁ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ከእሱ ግዢ ስትለኝ ታውቅ ነበር? አዎ ወይም የለም በለኝ። ሳህሌ ቅዳሜ ይመለሳል፤ እስከ ሆሳዕና እጠብቅሃለሁ።

መሰለች

*

ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀናው፣

ሳህሌ እናንተን ሊያመጣ ነገ በማለዳ ይነሳል። ይህን ወረቀት መንገድ ላይ ታነበዋለህ፤ ደግሞ እየነዳ ለሳህሌ ጮክ ብለህ እንዳታነብለት፣ ገደል ይከታችኋል።

ያቺን «አዎ» የምትል ቃል ከሁለት ገጽ ይቅርታ መሃል ለቅሜ አገኘኋት። ጤፍ ውስጥ ጠጠር እንደሚለቀም። ሱቁ ያኔም በዚሁ ሥራው ነው የተዘጋው። «ትቶታል ብዬ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ይቀልልሻል ብዬ ነው» ትላለህ። ትቶታል ካልክ ለምን አልበላህም? ለልጅህ አልጫ ስታዝላት እማማ አደሴ አልታዩህም? ጂራታስ? እኔስ? እንዲህ ስልህ ግን ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። ርካሽ ነገር ለምን እንደረከሰ አንተ እያወቅህ አልነገርከኝም፣ እኔ ደግሞ እንዳላውቅ ብርጭቆዬን ደበቅሁ። አንድ ትራስ ላይ የተኛን ሰዎች ነን።

ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ዘንባባቸውን ጣታቸው ላይ እንዳሰሩ ደረጃው ላይ አስቆምኳቸው። ብርጭቆዬን ይዤ ወጣሁ። ጂራታን በእምነት አስጠርቼዋለሁ፤ ከታች ቆሟል፣ ልሰደብ ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ። ከተቀመጠው ከረጢት፣ ጂራታ ወፍጮ ካልገባው፣ ከመጀመሪያው ትርፍ፣ ቆንጥሬ በተንኩ። ዘቀጠ። «ይሄ ጂራታ እጅ አልገባም» አልኩ። «ገበሬም የለም፣ ማረቆም የለም። ከባሌ ወንድም ነው የገዛሁት። ባሌ ነው የመከረኝ። እሱ ያውቅ ነበር፤ የላክሁለትን ሣጥኑ ውስጥ ዘግቶበት ሳይቀምሰው ቀርቷል። እኔም በውሃ አላየሁትም። አይቼዋለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው።»

አንዷ እንኳ አልጮኸችም። ጩኸት በስንት ጣዕሙ! አንድ በአንድ በጎኔ እያለፉ በየቤታቸው ገቡ። በሮቹ ሲዘጉ ሰባት ቆጠርኩ፤ ሰባተኛው የእኔ ነው፣ እምነት ናት የዘጋችልኝ። ገብታ ግን ሽሮ ሠራችልኝ። አልጫ። «ብይ እማ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማውራት ጀምራለች።

አሁን ከዚያ ወዲህ ማን እንደመጣና ምን እንዳለ ልንገርህ፤ ስትመጣ ከሌላ እንዳትሰማ።

ሰኞ ፌኔት መጣች፣ ሁለት የወረዳ ሰዎች አስከትላ። ደብተር ይዘዋል። «ስም?» አሉኝ። የፀሐዩን ስም ሰጠሁ። ስልኩንም፣ ቤቱንም። ፈርሜያለሁ። ፌኔት ስትወጣ «እትዬ» ትለኝ የነበረችው ልጅ «በቃ፣ ጨርሰናል» ብላኝ ወጣች። አልፈረድኩባትም።

ማክሰኞ ጂራታ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ወንበር ሰጠሁት። ቆሞ ቀረ። ምን እንዳለ ታውቃለህ? «ወፍጮዬን ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ ድንጋዩ እየተሸረፈ ይሆን ብዬ። ግድግዳዬንም አየሁ፤ ሸክላው ረግፎ ይሆን ብዬ። መሲ፣ እኔ እኮ ራሴን ነው የጠረጠርኩት። አክስቴን የገደልኳት መስሎኝ ነበር።» ይሄን ብሎ ሄደ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ወንድምህ! ወረዳዎቹ ገና አልደረሱበትም፤ ምንም አልሰማም። ለፋሲካ ብሎ ቅቤ ይዟል፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ። «ቀናው ሲመጣ ዶሮው በዚህ ይሠራለት» ይለኛል፤ ያ ፈገግታው። «ፀሐዩ፣ በርበሬው ውስጥ ሸክላ አገኘንበት» አልኩት። አልደነገጠም ቀናው! አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «አንቺ ደግሞ ከሱ በላሽ እንዴ?» አለኝ። «ታዲያስ?» ስለው «ለማኅበር ነው ስትዪኝ ለሰው መስሎኝ ነዋ! ለቤት መሆኑን ብትነግሪኝ ደህናውን አልሰጥሽም ነበር? ይሄ ቅቤ የቤት ነው፣ አትፍሪ» አለ።

ለሰው መስሎኝ! እኛስ ምንድን ነን? እማማ አደሴ ሰው ናቸው፤ ለዚያ ነው ሸክላ የተፈጨላቸው። ቅቤውን በቅጠሉ እንዳለ መልሼ «ታቀፈው» አልኩት። «ስምህን ለወረዳ ሰጥቻለሁ፤ ከዛሬ ወዲያ ቀስ ብለህ ተጓዝ» ብዬ በሩን ከፈትኩለት። «ቀናውስ ይሄን ያውቃል?» አለ። «ቀናው ከኔ በፊት ነው የሚያውቀው» አልኩት። ያሳደገህ ሰው ነውና ደረጃውን ሲወርድ ጀርባውን አየሁት፤ ጎብጧል። አዘንኩለት፣ አልዋሽህም። ግን አልጠራሁትም።

ዛሬ ጉልባን ቀቀልኩ። ስንዴ፣ ባቄላ፣ ጨው። በርበሬ የሌለበት ቀን ስለሆነ ተመስገን አልኩ። በየዓመቱ ከስድስቱም ቤት ጉልባን ይመጣልኝ ነበር፤ ስድስት ሳህን አጥቤ እመልስ ነበር። ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የመጣ የለም። የእኔንም ይዤ ማን በር ላይ እንደምቆም ጨንቆኝ፣ ሳህኑን ይዤ እንደተቀመጥኩ በሩ ተንኳኳ።

እማማ አደሴ ናቸው። ከታመሙ ወዲህ በእግራቸው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ጂራታን ይዘዋል። እሱ ከበሩ አላለፈም፤ እሳቸው ገብተው ተቀመጡ። ከስተዋል፤ ቀሚሳቸው ውስጥ ጠፍተዋል። ጉልባኑን አቀረብኩላቸው፣ አልነኩትም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በምርኩዛቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ውሃ አምጪልኝ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ደህና በነበርን ጊዜ እንደሚጠሩኝ። ያንኑ ብርጭቆ አጥቤ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ሌላ አልነበረኝም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ሥሩን አዩት። ዞር አድርገው እንደገና አዩት። ከዚያ ጠጡት፣ እስከ ታች። ብርጭቆውን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡና ከጉልባኑ አንዲት የስንዴ ፍሬ አንስተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ቀስ ብለው አኝከው ዋጡና ተነሱ። በሩ ላይ የጂራታን ክንድ ይዘው ዞር አሉ።

«ባልሽ ቅዳሜ ይመጣል አይደል?» አሉኝ። «እዚህ ከመግባቱ በፊት የእኔን በር ያንኳኳ። ሣጥኑ ውስጥ የዘጋበትን በርበሬም ይዞ ይምጣ፤ እንጀራ አለኝ። ያመጣ ይቅመስ።»